ሦስት እጅ ቫርኒሽ

ጥሩነህ አናጢ ነው። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ኦስሎ ውስጥ ይህን የሚያውቅለት ሰው የለምና። ሄልስፊር ያሉት የቢሮ ሠራተኞች የሚያውቁት የወለል ማጽጃ ማሽን እየገፋ በአጠገባቸው ሲያልፍ ነው። ላምበርትሴተር ያሉት ጎረቤቶቹ ደግሞ ደረጃ ላይ ሲያገኙት ሰላም የሚል ጨዋ ሰው መሆኑን እንጂ ሌላ አያውቁም። ኮልፌ፣ ጋሽ ሀብቴ እንጨት ቤት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልጋና ቁም ሣጥን ሲሠራ መኖሩን የሚናገር አንዲት ቁራጭ ወረቀት የለችውም። እዚህ አገር ደግሞ ፋግብሬቭ የሚሉት የሙያ ወረቀት ከሌለ አናጢ ነኝ ማለት ወሬ ነው።

ስለዚህ ልጁ ራኬብ ስካውት በገባች በወሩ፣ አንድ የጥድ እንጨት ቁራጭ፣ አራት ሚስማርና አራት የፕላስቲክ ጎማ በከረጢት ይዛ ስትመጣ ደስታውን አልቻለውም። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው እንጨቱን ትንሽ መኪና ያደርጉታል፤ ከዚያ አዳራሽ ውስጥ በተዳፋት ጣውላ ላይ ይለቁታል፤ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። ሞተር የለው፣ ባትሪ የለው፣ እንጨት ብቻ! ጥሩነህ ለሚስቱ ለእታለም ይህንንማ ለእኔ ተዉት አላት።

በመጀመሪያው ዓመት ሰማያዊና ነጭ የአዲስ አበባ ላዳ ታክሲ ቀርጾ ወሰደ። በሮቹ ከነእጀታቸው፣ ታርጋው ከነቁጥሩ። አዳራሹ በሙሉ ከቦ አደነቀለት። ታክሲው ግን ከአሥራ ዘጠኝ መኪና አሥራ ዘጠነኛ ወጣ። በሁለተኛው ዓመት ሾጠጥ ያለ፣ መስታወት የሚመስል መኪና ሠራ። አሥራ ሰባተኛ። ያ አልበቃ ብሎ የውበት ሽልማት ብለው አንድ ወረቀት ሰጡት። ከሁሉም ያንገበገበው እሱ ነው፤ ተወዳድሮ ለተሸነፈ ሰው ቆንጆ ነህ ማለት ምን ማለት ነው? ሁለቱንም ዓመት ያሸነፈው የራኬብ ጓደኛ የኤማ አባት ትሮንድ ነበር። የትሮንድ መኪና በር እንዳይዘጋ የሚደረግ ሽብልቅ እንጂ መኪና አይመስልም፤ ቀለም የሚባል አልነካውም፤ የመጋዙ ጥርስ ምልክት እንኳ ላዩ ላይ እንዳለ ነው።

የዚያን ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ ራኬብ፣ «ፓፓ፣ ኢትዮጵያ እያለህ እውነት ስኔከር ነበርክ?» አለችው። እውነት አናጢ ነበርክ ወይ ማለቷ ነው። ተንኮል አልነበረባትም፤ አሥር ዓመቷ ነው፤ የምታየውን ነው የጠየቀችው። ጥሩነህ አዎ አላት። አዎ ሲላት ግን ድምፁ ለራሱም የውሸታም ድምፅ መሰለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ጥያቄ ቢሮ ሲያጸዳም፣ ባቡር ሲጠብቅም አልለቀቀችውም።

በሦስተኛው ዓመት፣ በ2016፣ ሞያውን ትቶ ተማሪ ሆነ። ከሥራ ሲመለስ ባቡር ላይ ስልኩን ከፍቶ ቪዲዮ ያያል፤ ያልገባውን ራኬብ ትተረጉምለታለች። ነገሩ ከእንጨት ሥራ ጋር የማይገናኝ ሆኖ ሲያገኘው እጅግ ተናደደ። የሚያስፈልገው ቅርጽ ሳይሆን ክብደት ነው፤ ከተፈቀደው ከመቶ አርባ ግራም ሳያልፍ፣ በተቻለ መጠን ወደ ኋላ የተጠጋ። ጎማው የሚዞርባቸው ሚስማሮች እንደ ጥርስ መፋቅ አለባቸው። ዘይት ክልክል ነው፤ ጎማው ውስጥ የሚገባው ግራፋይት የሚባል ጥቁር ደረቅ ዱቄት ብቻ ነው። ጥሩነህ እያጉረመረመ ሁሉንም አደረገ። ከኋላ ሁለት ቡሎን ቀበረ፤ ራኬብ ሚስማሮቹን ሦስት ቀን ፈተገች፤ ሐሙስ ዕለት በወጥ ቤት ሚዛን ሲመዝኑት ልክ መቶ አርባ ግራም ሆነ። ራኬብ ቁጥሩን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። አሁን ማንም እንዳይነካው ብላም መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጥሩነህ መደርደሪያውን አየው። መኪናው ራቁቱን ተቀምጧል። ጋሽ ሀብቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሦስት እጅ ቫርኒሽ ያልጠጣ ዕቃ ከበሩ አይወጣም ነበር፤ ደንበኛ ቆሞ ቢለምነው፣ ሠርግ ቢደርስ፣ አይወጣም። ጥሩነህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሕግ ኖሯል። ቫርኒሹን ሲከፍት ራኬብ አይታው፣ «ፓፓ፣ ኔይ፣ አይሆንም፣ ተመዝኗል እኮ» አለች። የቤት ሥራሽን ሥሪ አላት። አንድ እጅ ቀባ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሻሸና ሁለተኛውን ደገመ። ሦስተኛውን ሲቀባ እያፏጨ ነበር።

እሑድ አዳራሹ ሲደርሱ ሚዛኑ ጋ የቆመው የስካውቶቹ መሪ አሮን ነው፤ እዚሁ የተወለደ የአበሻ ልጅ፣ ተማሪ፣ ለአባቱ እኩያ አንተ እያለ የሚያወራ። መኪናውን አስቀመጠና ፊቱን ቅጭም አደረገ። መቶ አርባ ሦስት። ጥሩነህ ሚዛናችሁ ተበላሽቷል አለ። አሮን ሌላ ሚዛን አመጣ፤ መቶ አርባ ሦስት። ጥሩነህ ያን ጊዜ ገባው። ሦስት እጅ፣ ሦስት ግራም። ወደ ራኬብ ዞረ። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ ጫማዋን ነው የምታየው፤ እሱ ደግሞ ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

አሮን በአማርኛና በኖርዌይኛ እያደባለቀ አስረዳው፤ አሥር ደቂቃ አለህ፣ ጥግ ላይ ጠረጴዛ አለ፣ ሆዱን ሁለት ሦስት ቦታ ብሳው። ጠረጴዛው ላይ የባትሪ መሰርሰሪያ፣ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀትና አንድ አሮጌ መሮ ተቀምጧል። ትሮንድ በቅንነት መሰርሰሪያውን አነሳና እኔ ልብሳልህ አለው። ይህ ጥሩነህን ጨርሶ አበሸቀው። አመሰግናለሁ ብሎ መሮውን አነሳ። መሮው ደንዟል፤ ቂቤም አይቆርጥም። ጥሩነህ ብርጭቆ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይስለው ጀመር። ራኬብ ሰዓቱን እያየች ደቂቃ ትቆጥራለች። ሰባት ቀረ፣ ስድስት ቀረ፣ እሱ ገና ይስላል።

ከዚያ መኪናውን ገልብጦ በግራ እጁ ያዘና ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ መሮውን አሳረፈው። አልገፋውም፤ በትከሻው ትንሽ ተደገፈበት እንጂ። አንድ ቀጭን ልጣጭ ተጠቅልሎ ወጣ። ሌላ ወጣ፣ ሌላም። እንጨቱ ድምፅ የለውም። ኤማ ልታይ ቀረብ አለች፣ ትሮንድ መሰርሰሪያውን አስቀመጠ፣ ከሚዛኑ ጋ የነበሩት ልጆችም መጡ። የመኪናው ሆድ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ እያለ ሄደ፤ አንድም ሻካራ ቦታ የለበትም። ጥሩነህ ሰው መክበቡን አላየም፤ በራሱ ተናዶ ነበር፤ ያንን የመሰለ ቫርኒሽ በገዛ እጁ ሲልጥ። መኪናውን በመዳፉ ከፍ ዝቅ አደረገና «አንድ ግራም ይቀረዋል» አለ። አሮን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው። መቶ አርባ አንድ። ጥሩነህ መልሶ ተቀበለው፤ ከመሀል እስከ ፊት አንድ ረጅም ልጣጭ፣ ከዚያ ሁለት አጭር አጭር አወጣና ሳይመዝን ሰጠው። መቶ አርባ። አሮን ቀና ብሎ አየውና፣ «ጋሼ፣ እንዴት አወቁ?» አለ። ጥሩነህ ልጣጩን ከመሮው ላይ እያራገፈ ነበር፤ አንቱ መባሉንም አልሰማም።

በመጀመሪያው ዙር አሸነፉ። በሁለተኛው ሁለተኛ ወጥተው ለፍጻሜ አለፉ። በፍጻሜው ላይ አራት መኪኖች ተለቀቁ፤ የጥሩነህ መኪና እስከ ግማሽ እየመራ ነበር፤ ከዚያ ወደ ግራ ጎተት አለና አራተኛ ገባ። የትሮንድ ሽብልቅ እንደ ልማዱ አንደኛ። የውበቱን ሽልማት እንኳ ቋሊማ የመሰለ መኪና የሠራ ልጅ ወሰደው።

ወደ ቤት ሲሄዱ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ጥሩነህ መኪናውን አንጋሎ የግራውን የፊት ጎማ በጣቱ ያሽከረክራል። ሁለቴ ዞሮ ይቆማል። ሚስማሩ ላይ አንዲት የቫርኒሽ ጠብታ ደርቃለች፤ የራሱ ቫርኒሽ፣ ሦስተኛው እጅ። ይህች ጠብታ ባትኖር ኖሮ እያለ፣ ጋሽ ሀብቴን፣ ግራፋይቱን፣ ቋሊማውን በየተራ እየረገመ ይሄዳል። ራኬብ አትሰማውም። ያንን ረጅሙን ልጣጭ ከጠረጴዛው አንስታው ኖሯል፤ ጣቷ ላይ ትጠቀልለዋለች፣ ትፈታዋለች።

ሥራ ላይ ያለችው እታለም ደወለች። ራኬብ ስልኩን አነሳች።

«አራተኛ» አለች። «በጣም ተናዷል። ኔይ፣ አላለቀስኩም።» ትንሽ አዳመጠችና ልጣጩን ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው። «ማማ፣ ፓፓ እኮ እውነትም ስኔከር ነው።»

ጥሩነህ ስለ ጎማው የጀመረውን እርግማን አልጨረሰውም። መኪናውን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተና አፍንጫውን አበሰ።