ከጆሮ ጀርባ የተነቀለችው መዥገር

ከጎሚስታ ቤቴ ቀጥሎ ያለው ፀጉር አስተካካይ አፉ ከባድ ነው። ሃያ ዓመት ስንጎራበት፣ የአንዱን ደንበኛ ጉድ ለሌላው ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ፎረፎርም ይሁን ጭርት፣ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። እኔ ደግሞ ነገር ካየሁ አፌን ይበላኛል። ሥራ ሲቀዘቅዝብኝ እሱ ቤት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ በገባ በወጣው እቀልዳለሁ።

አንድ ሐሙስ የትምህርት ቤቱ ሳር አጫጅ ፀጉሩን ሊስተካከል ገባ። አስተካካዩ ጆሮውን ገለል ሲያደርግ ደም ጠጥታ ያበጠች መዥገር ተጣብቃ አየ። አግዳሚው ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሰውየው መሳቂያ እንዳይሆንበት ብሎ በጥፍሩ መንጭቆ ነቀላትና ከተቆረጠው ፀጉር ጋር ጠረጋት። ሳር አጫጁ መቀስ የቆነጠጠው መስሎት፣ መስታወት አይቶ፣ አመስግኖ ወጣ። ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን የሳር አጫጁ ሚስት መጣች።

«ወንድሜ፣ ባለቤቴ አልጋ ይዟል። ጤና ጣቢያ ጉንፋን ነው ተብሎ መድኃኒት ቢሰጠውም ትኩሳቱ አልበርድ አለ። ጺሙ አድጎ ራሱን ጠልቷል፤ እባክህ ቤት መጥተህ ላጨው።»

ዕቃውን በቦርሳ ይዞ ተነሳ፤ እኔም በሽተኛውን ልጠይቅ ተከተልኩ። ሳር አጫጁ ዓይኑ ቀልቷል፣ ክንዱ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወጥቷል። አስተካካዩ ሳሙና ቀብቶት ጆሮውን ገለል ሲያደርግ ጥቁር ቅርፊት አየና ምላጭ የያዘ እጁ ቆመ። ሚስቱ፣ ወንድሟ፣ ሁለት ጎረቤቶችና እኔ እያየነው ነው።

«እህቴ፣ ከዚህ ላይ መዥገር ነቅያለሁ» አለ። «የዛሬ አሥራ አንድ ቀን። አልነገርኩትም።»

ወንድሟ ተቆጥቶ ብድግ ሲል፣ «መንገድ ላይ ትሰድበኛለህ፤ አሁን ደግፈው» ብሎ አስተካካዩ በሽተኛውን በአንድ በኩል ያዘ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሐኪሟ መዥገሯ የተነቀለችበትን ቀንና ቦታ አስተካካዩን ጠየቀችው፤ አንዱንም አልደበቀም። መድኃኒቱ ወዲያው ተቀየረ።

«ትኩሳት የብዙ በሽታ ምልክት ነው» አለች። «የመዥገሯን ነገር ብሰማ ኖሮ መጀመሪያውኑ ይህን እሰጠው ነበር።»

ሁለት ቀን ሙሉ ይሙት ይዳን አልታወቀም። በሦስተኛው ቀን ሾርባ ጠየቀ፤ ሚስቱ ያን ጊዜ ገና አለቀሰች።

አስተካካዩ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። ሳር ውስጥ የዋለ፣ ከብት የነካ፣ ውሻ ያቀፈ ሁሉ ማጅራቱና ከጆሮው ጀርባ ሳይታይ ከወንበሩ አይነሳም። መዥገር ካገኘ ጮክ ብሎ ይናገራል። በቀጭን ወረንጦ ወደ ቆዳው አስጠግቶ ይይዛትና ቀስ ብሎ ቀጥ አድርጎ ይስባታል፤ ቦታውን በአልኮል ጠርጎ ቀኑን ወረቀት ላይ ይጽፋል። «ብብትህንና ብሽሽትህን ማታ ቤትህ እይ። እስከ ወር ድረስ ካተኮሰህ ይህን ወረቀት ለሐኪም አሳይ» ይላል። እኔ አንድ ጊዜ በክብሪት እንለኩሳት ብዬ ብነሳ፣ «እጅህን ሰብስብ፤ ስትቃጠል በሽታዋን የባሰ ትተፋበታለች» ብሎ መለሰኝ።

አንድ ነጋዴ መዥገር እንዳለበት ሲነገረው፣ «ቅማላም አደረገኝ እኮ» ብሎ ፎጣውን ወርውሮ፣ ግማሽ ፀጉሩ ሳይስተካከል ወጣ። አስተካካዩ እስከ በር ተከትሎት፣ «በቀኝ ማጅራትህ ናት፤ የትም ሄደህ አስነቅላት» አለውና ቀጣዩን ጠራ።

ባለፈው ሳምንት ቤቱ ጭር ሲል፣ ሲከነክነኝ የከረመውን ጠየቅሁት።

«ያን ቀን ብትነግረው ምን ነበረበት? ከዚያ አግዳሚ ላይ ማንን ፈርተህ ነው?»

መቀሱን እየወለወለ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተን» አለ።

ያን ቀን አግዳሚው ላይ ከነበሩት ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ረስቼው ነበር። አፈርኩ።