ከአጥር ያለፈው የጣቢያ ሣር

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዋ ልጄ «አቧራው ጨረሰን» ብላ ከችግኝ መሸጫ በቆርቆሮ የተተከለ ነገር ይዛ መጣች። መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ ቅጠሉ ወፍራም፣ ሲጫኑት ውሃ የሚተፋ፣ አበባው ሮዝ ነው። «ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው እማዬ፣ ውሃ ቢረሱትም አይሞትም» እያለች ስታስረዳኝ ሳቄ መጣ። ለእኔ ስለዚህ ተክል! አንድ ዓመት ሙሉ ከእሱ ጋር ታስሬ የኖርኩ ሰው እኮ ነኝ።

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ከሁሩታ ወደ አዳማ ተዳርኩ። ባሌ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ያስጭን ነበር። ለሰርጉ ሥራ አላስለቅቅ ብሎት ከአዳማ ዘግይቶ ስለተነሣ፣ ሚዜዎቹ እኛ ቤት የደረሱት ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። እንደ ደንቡ ልጃገረዶች በሩን ይዘው እያዜሙ ሰርገኛውን ያቆሙታል፤ ሰርገኛው ይሰደባል፣ ይለማመጣል፣ ከዚያ ይገባል። የባሌ ሚዜዎች ግን መሸብን ብለው ገፍተው ገቡ። የአጎቴ ልጅ በአፍጢሟ ተደፋች። አባቴ ያን ዕለት ለሰርጉ ሲል ቻለው። እኔ ከሄድኩ በኋላ ግን «ሽማግሌ ልከው ይቅርታ እስኪጠይቁኝ መልስ አልጠራም» ብሎ አረፈው። መልስ ያልተጠራች ሙሽራ ደግሞ የወላጆቿን ቤት አትረግጥም።

አማቴ እማማ በላይነሽ ይህን ሲሰሙ ነደዱ። ጎረቤት በተሰበሰበበት «መልስ ሳይጠሩ ይቺን ልጅ ወደ አባቷ ቤት ብልካት ልጄን ይንሣኝ» ብለው ማሉ። ያላቸው ልጅ አንድ ባሌ ብቻ ነው። ሾልኬ እንዳልሄድባቸውም ከግቢው በር ውጭ መቆም ከለከሉኝ። ባሌን ብለምነው «በእኔ እኮ ነው የማለችው፤ ሙት ትይኛለሽ?» ይለኛል። ምን ይበል፣ እሱም የእናቱ ልጅ ነው። አባቴ እዚያ ያኮርፋል፣ አማቴ እዚህ ያኮርፋሉ፣ የሁለቱን እልህ የምከፍለው እኔ።

አዳማን በበጋ ያየ ያውቃል። ያ ነፋስ አቧራውን እያንከባለለ ያመጣና ግቢያችን ላይ ይዘረግፈዋል፤ ሽሮው ውስጥ ሳይቀር አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ጠዋት እጠርጋለሁ፣ ከሰዓት እጠርጋለሁ። ባቡሩ ባፏጨ ቁጥር ብረት እንኳ ይሄዳል እያልኩ አለቅስ ነበር።

ባሌ አዝኖልኝ መሰለኝ፣ አንድ ቀን ከድሬዳዋ የመጣ የባቡር ሠራተኛ የሰጠውን ቁራጭ ተክል በጣሳ ይዞልኝ ገባ። ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ የጣቢያ ሣር አልነው። እማማ ገና ሲያዩት «ውሃ በአህያ ተጭኖ እየመጣ፣ ለሰው ሳይበቃ ሣር ልታጠጪ ነው?» አሉ። እኔም የዕቃ እጣቢ ብቻ አፈስለት ጀመር። እሱም በቃው። ትንሽ ቁራጭ አፈር ከነካች ሥር ታወጣለች፤ እየቀነጠብኩ አራባሁት። ፀሐይ ስትበረታና ሌላው ሁሉ ጠውልጎ ሲተኛ የእሱ አበባ ፍክት ይላል፣ ማታ ይከደናል። በዓመቱ ግቢውን አለበሰው፤ አቧራውም ተኛልን። እማማ እንኳ በባዶ እግራቸው ሲረግጡት ደስ ይላቸው ነበር፣ አይናገሩትም እንጂ። ከዚያ በአጥሩ ሥር ሾልኮ መንገድ ወጣ። በዚህስ በጣም ተናደድኩ። ሣር የሚወጣበትን እኔ አልወጣም። በእልህ እየጎተትኩ ወደ ውስጥ እመልሰዋለሁ፣ ሳምንት ሳይቆይ ደግሞ ወጥቶ አገኘዋለሁ።

በአጥሩ ቀዳዳ የማወራቸው አንዲት ሰው ነበሩ፤ አዴ ጫልቱ፣ የእናቴ ጎረቤት። ከሁሩታ ገብስ በአህያ ጭነው ለገበያ ሲመጡ የቤታችንን ወሬ ያደርሱኛል። በሚያዝያ መጥተው «አካም ጅርታ፣ ልጄ» ብለው ሰላምታ ሰጡኝና ፊታቸውን አዞሩ።

«ምነው አዴ?»

«እናትሽ ተኝታለች። አሁንስ እህልም እንቢ ብላለች። አንቺን ነው የምትጠራው።»

«አባቴስ?»

«ደጅ ተቀምጦ ያለቅሳል። ልጅቷን አስጠራ ስንለው ተነሥቶ ይሄዳል።»

ሄጄ እማማ እግር ላይ ወደቅሁ። «እናቴ ሳላያት ልትሞትብኝ ነው» አልኳቸው። ጥጥ እየፈተሉ ነበር፤ እንዝርቱን አቆሙት። «ምያለሁ» አሉና መልሰው አሾሩት። ያን ዕለት ጠላኋቸው። እስከ ዛሬ ሰው እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ጠሩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሣርሽ መንገዱን ይዞታል፤ የሰው አህያ እያንሸራተተ ነው። ውጪና እጨጂው።»

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ማጭዱን ሳነሣ «በዚህ ቡትቶ ነው መንገድ ላይ የምትቆሚው? ደህናውን ቀሚስ ልበሺ። ነጠላሽንም ደርቢ፣ ፀሐዩ ክፉ ነው» አሉ። ለበስኩ። ደግሞ ዳቦ በጨርቅ ቋጥረው አስያዙኝ። «አጨዳ ያስርባል» አሉ፣ ወደ ሌላ እያዩ። እኔ ሞኟ ምንም አልገባኝም። ወጥቼ ጎንበስ ብዬ ማጨድ ስጀምር አዴ ጫልቱ ባዶ አህዮቻቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ኮቱ፣ ነይ እንጂ» አሉኝ። «አማትሽ ስትመለሺ በእኛ በር እለፊ ብለው ትናንት ገበያ ድረስ ልከውብኛል።»

ዞር ብዬ አየሁ። እማማ በሩ ላይ ቆመዋል። «እማማ…» ብል፣ «እጨጂ አልኩሽ እንጂ ሌላ ምን አልኩሽ?» አሉና ማጭዱን ከእጄ ተቀብለው ገቡ። በሩን አልዘጉትም።

አዋሽን ተሻግረን፣ ዳቦውን ከአዴ ጫልቱ ቆሎ ጋር እየበላን፣ ዴራ አድረን ሁሩታ ገባን። እናቴ በሕይወት ነበረች። ፊቴን በእጇ ዳስሳ «ከስተሻል» አለችኝ፣ የራሷን መክሳት ሳታይ። አባቴ ደጃፉ ላይ ሲያየኝ ይቅርታም ሳይጠብቅ ራሱ ሽማግሌ ልኮ ባሌን አስጠራ። መልሱን እናቴ ከአልጋዋ ሆና አየችው። እስከ ሐምሌ ድረስ አብራኝ ቆየች፣ በእጄ ላይ ዐረፈች።

አዳማ ስመለስ እማማ ስለዚያ ጠዋት ትንፍሽ አላሉም። አንድ ነገር ግን አየሁ። ባሌ ከጣቢያ ትንሽ ከዘገየ እህል አይቀምሱም፤ መንገዱ ላይ ወጥተው እስኪመጣ ይቆማሉ። ካስነጠሰ ደንግጠው ግንባሩን ይነኩታል። ይህ ለዓመታት አልተዋቸውም።

ያኔ የእርጅና ጠባይ ነው ብዬ እስቅባቸው ነበር። ዛሬ እኔም ወንዶች ልጆች አሉኝ፣ የሰው ልጆችም በምራትነት ቤቴ ገብተዋል። እማማ መሐላውን በቃል አታለሉት እንጂ እግዚአብሔርን አታልላለሁ ብለው እንዳላሰቡ አሁን አውቃለሁ። እኔ እናቴን እንዳይ ብለው አንድ ልጃቸውን ነው ያስያዙት። ለምራቶቼ ይህን አደርግ እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ፣ እውነቱን ልናገር፣ የምደፍር አይመስለኝም።