የአባቴ ኩርፊያ

ትናንት ሸሕዲ መናኸሪያ አንድ የመኪና ረዳት «ጎንደር፣ ጎንደር!» እያለ ሲጮህ አባቴን የሰማሁት መሰለኝ። የዱሮውን አባቴን ማለቴ ነው።

አባቴ ኮኪት አጠገብ ባለ የሰሊጥ እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ የሚያሰማራ ካቦ ነበር። ከዚህ ጫፍ ሆኖ «ነዶው ጠበቅ ይበል!» ካለ፣ ከወዲያኛው ጫፍ ያለው አጫጅ ቀና ይላል። ምሳ ይዤለት ስሄድ የት እንዳለ ሰው ጠይቄ አላውቅም፤ ድምፁን ተከትዬ ነበር የምደርሰው። የታጨደው ሰሊጥ ተደጋግፎ ቆሞ ፀሐይ ሲመታው ቅባት ቅባት ይሸታል፤ ያን ሽታና የሱን ድምፅ እስከ ዛሬ ለይቼ ማሰብ አልችልም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የመጣ ዕለት ስልኬን ይዤ እርሻው ድረስ ሄድኩ። ወድቄያለሁ። ጎንደር ልኮ ሊያስተምረኝ ሲመኝ የኖረ ሰው ነው። አየው፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም ነገር አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ «አይዞሽ» አለኝ። እኔ ቃሉን ትቼ ፊቱን አመንኩ። በቃ፣ አኮረፈኝ አልኩ።

ከዚያ ወዲህማ ቢያወሩት ወደ ሸሚዙ ኮሌታ ያጉተመትማል። ሳቅ የለ፣ ቁጣ የለ። ሠራተኛው አልሰማ ሲለው በቦታው ሌላ ካቦ ተተካ። እናቴ፣ ሰው በገዛ ልጁ እንዲህ ይጨክናል ወይ እያለች ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፤ ካኮረፈ ያኩርፍ ብዬ ስንት ወር ሙሉ ዘጋሁት። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ እናቴ ሽማግሌ ላከችበት። ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች አንገቴ ላይ ድንጋይ አሸክመው እግሩ ሥር አንበረከኩኝ። አባቴ፣ «እኔ አልተቀየምኳትም» አለ።

አንደኛው ሽማግሌ፣ «ከልብህ በለው እንጂ። ይህማ የኩርፊያ ድምፅ ነው» አሉት።

ደግሞ ሞከረ፤ ይብሱን ሰለለ። ሲቸግረው፣ «እሺ፣ ይቅር ብያታለሁ» አለ። ያልያዘብኝን ቂም ይቅር አለኝ።

እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው ጎንደር ሐኪም ዘንድ የወሰድነው። ሐኪሟ እስኪ ፈገግ ይበሉ አለችው፤ ፊቱ አልታዘዘውም። «አ» ብለው ትንፋሽዎ እስኪያልቅ ይሳቡት አለችው፤ ገና ከመጀመሩ ተቆረጠ። ድምፃቸው ከመቼ ጀምሮ ነው የቀነሰው ብላ ስትጠይቅ እናቴ፣ «ካኮረፈ ወዲህ» አለቻት።

ሐኪሟ ኩርፊያ እንዳልሆነ፣ ፓርኪንሰን የሚባል በሽታ እንደሆነ፣ እጅ ሳይንቀጠቀጥ በፊት ፊትንና ድምፅን ሊይዝ እንደሚችል ነገረችን። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። መድኃኒቱ በኋላ እጁን ረጋ አደረገለት፤ ድምፁን ግን አልመለሰውም። ምን ይደረጋል።

የዚያን ዕለት ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ፣ «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ፤ ረዘም ያለ ነገር፣ ከንፈሩን አየሁት። የሞተሩ ጩኸት ዋጠው። ድገምልኝ እንዳልለው ለመናገር ምን ያህል እንደሚደክም ሐኪም ቤት አይቼዋለሁ። እንደሰማ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ደስ ብሎት ይሁን አይሁን በምን ልወቅ፤ ፊቱ እንደሆነ አይናገርም።