የውሃ ጋሪው የሚቆምባቸው በሮች

በነገሌ ባጃጅ የሚጠፋበት ምክንያት ውስብስብ አይደለም። ቤንዚን የሚጭነው ቦቴ የሚመጣው በቦሬና በወደራ በኩል ነው። እዚያ መንገድ ላይ አንድ ነገር ከተበላሸ በማግስቱ የማደያው በር በገመድ ይታጠራል፤ በሦስተኛው ቀን ባጃጆቹ ሸራ ለብሰው በየአጥሩ ሥር ይቆማሉ። በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ቢገኝም ለሞተረኞች እንኳ አይበቃም።

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት እንዲህ ያለው ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። የተከራየሁት ቤት በከተማው አንድ ጫፍ፣ ትምህርት ቤቱ በሌላው ጫፍ ነበር፤ በእግር ሃምሳ ደቂቃ ይወስዳል። የሰዉን አካሄድ ማጥናት ያስደስተኝ ነበር። የቢሮ ሠራተኞች መንታ መንገድ ላይ ተጠባብቀው አብረው ይነሳሉ፤ ወሬ መንገድ ያሳጥራል። ነጋዴ ሴቶች ዕቃቸውን በአንድ የአህያ ጋሪ ጭነው ከኋላ ይከተላሉ። ከጦር ካምፑ በኩል የሚመጡት የወታደር ሚስቶች ደግሞ ደህናውን ጫማ በፌስታል ይዘው በነጠላ ጫማ ይራመዱና አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ይቀይራሉ።

ሁሉም መላ ሲፈልግ እኔ ሕግ አወጣሁ። ደወል ከተደወለ በኋላ የመጣ አይገባም ብዬ በካርቶን ላይ ጽፌ በስምንተኛ ክፍል በር ላይ ለጠፍኩ። አንድ ሐሙስ፣ እንደ እኔ ከሩቁ ጫፍ የምትመጣ አንዲት ተማሪዬ ዘግይታ ደረሰች። ባጃጅ የለም አለችኝ። «ደወሉ ተደውሏል» አልኳትና ሰው ርቀቱን በፍጥነቱ አካፍሎ መነሻ ሰዓቱን እንዴት እንደሚያገኝ አስረዳኋት። በትሕትና አዳመጠችኝ፤ ከዚያ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ በረንዳው ላይ ተቀመጠች።

በሚቀጥለው ሰኞ የሒሳብ ሞዴል ፈተና ነበረን። ወረቀቱ የተቆለፈበትን ቁምሳጥን ቁልፍ እኔ እንድይዝ ርዕሰ መምህሩን ለምኜ ነበር፤ ሌላ ቁልፍ እንደሌለ አስጠንቅቀው ሰጡኝ። ፈተናው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል፤ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ክፍሉን ለሌሎች እንለቃለን። እኔ የማባክናት እያንዳንዷ ደቂቃ ከልጆቹ ላይ ትቀነሳለች ማለት ነው። ስለዚህ በአጋጣሚ ላለመመካት አስቀድሜ ሙከራ አደረግሁ። በሰፈሬ በአህያ ጋሪ ውሃ የሚያመላልሱ ሽማግሌ አሉ። ውሃ የሚቀዱት ከትምህርት ቤታችን አጥር ጎን ካለው ቦኖ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አብሬያቸው እስከ ትምህርት ቤቱ ተሳፍሬ በሰዓቴ ለካሁ። ሃያ አምስት ደቂቃ። አህያው አንድም ጊዜ አልቆመም።

ሰኞ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ጋሪው ላይ ወጣሁ። ከሃያ ሜትር በኋላ አህያው አንድ በር ላይ ቆመ። በር ተከፈተ፤ አንዲት ሴት ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዛ ወጣች። ሽማግሌው «አካም ቡልቴ» ብለው እንዴት እንዳደረች ጠየቋት፤ «ናጋ»፣ ሰላም ነው፣ አለች። ከዚያ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ከፊልቱ ከተማ ስላልተመለሰው ባሏ፣ በሊበን በኩል ስለታየው ደመና ተጠያየቁ። በዚህ አገር ሰላምታ ከመሀል አይቆረጥም። ሁለተኛው በር ላይ አህያው ማንም ሳያዘው ቆመ።

«አባባ፣ ቅዳሜ እኮ አልቆመም» አልኳቸው።

«ቅዳሜማ ለሰፈሩ የቧንቧ ውሃ የሚለቀቅበት ቀን ነው። ማን ጀሪካን ያወጣል? ገበያ ዕቃ ልጭን ነበር የምሄደው።»

ያደግሁት ካምፑ ውስጥ ነው፤ እዚያ ውሃ በቦቴ መጥቶ በተራ ይታደላል። አሁን ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አከራዬ ጀሪካኑን አስሞልታ ትጠብቀኛለች። ባዶው በማን እጅ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። አንዱን በር ይዝለሉልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

«እኔ እዘልልሃለሁ» አሉኝ ወደ አህያው እየጠቆሙ። «እሱን ግን አንተ ለምነው። አንተ መምህር ነህ፣ ምናልባት ይሰማሃል።»

በአራተኛው በር የወጣችው የአንድ ወታደር ሚስት ነበረች። ሦስት ጀሪካን ካቀበለች በኋላ ለሽማግሌው ብሶቷን ነገረቻቸው። ሌላ ቀን ጀሪካኑን የምታስረክበው ሴት ልጇ ናት፤ እናትየው ጎህ ሳይቀድ ጉልት ትወጣለች። ልጅቷ ጋሪው እስኪመጣ ጠብቃ በባጃጅ ትደርስ ነበር፤ ባጃጅ ሲጠፋ ግን በእግሯ እየሄደች ዘገየች። ሐሙስ ዕለት አንድ መምህር ከደጅ መለሳት። ዛሬ ፈተና ስለሆነ እናትየው ከጉልቷ ቀርታ ልጅቷን ቀድማ እንድትሄድ አደረገች።

ሽማግሌው አንድ ጊዜ ወደ እኔ አዩና የጀሪካኑን ገመድ ማጥበቅ ቀጠሉ። ሰዓቴን አየሁ፤ ሁለት ሰዓት ከአስራ ሁለት። ከጋሪው ወርጄ ሴትዮዋን በቅጡ ሳልሰናበት ሮጥኩ።

ስደርስ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ተማሪዎቹ ከክፍሉ ውጭ ተሰልፈው ቆመዋል፤ እሷ ከፊት ነበረች። ቁልፉን ከኪሴ እየፈለግሁ ሳለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሳትስቅ፣ «ቲቸር፣ ደወሉ ተደውሏል» አለችኝ።

«አዎ፣ ተደውሏል» አልኳት። «እናትሽን አገኘኋቸው። ሐሙስ ላንቺ ያስረዳሁት ልክ አልነበረም።»

ወረቀቱን አድዬ ከእኛ በኋላ ወደሚገባው ክፍል መምህርት ሄድኩና አስራ አምስት ደቂቃ እንድትለቅልኝ ለመንኳት። የሆነውን ስነግራት ሳቋን መያዝ አቃታት፤ «ለአህያው ስል እሰጥሃለሁ» አለችኝ። ልጆቹ ሁለት ሰዓታቸው ሳይጎድል ተፈተኑ። ካርቶኑን በዕረፍት ሰዓት ነቀልኩት።

የቀረው የልጅቷ ጠዋት ነበር፤ እናትየው ጉልቷን በየቀኑ መተው አትችልም። ማታውን ወደ መጀመሪያዎቹ ሦስት በሮች ሄጄ ጀሪካኖቻቸውን አንድ ማዕዘን ላይ ቢያከማቹልኝ ብዬ ጠየቅሁ፤ ጋሪው አንዴ ቆሞ ካነሳ ልጅቷ ዘንድ ቀድሞ ይደርሳል። ይህን ለመጠየቅ ሦስት ሙሉ ሰላምታ አስፈለገኝ፤ የደመናውንም ሳልዘል። ሁሉም እሺ አሉ።

እሺ ያላለው አህያው ነው። ማክሰኞ ባዶ በሮቹ ላይ እንደ ልማዱ ቆመ፤ ሽማግሌውም ከቆመ አይቀር ብለው በአጥሩ ላይ ሰላምታ ሰጡ። ረቡዕ ሁለቱ ላይ፣ ሐሙስ አንዱ ላይ ቆመ። ዓርብ ሦስቱንም አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ ማዕዘኑ ሄደ። ያን ቀን ልጅቷ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ በትምህርት ቤቱ በር ስትገባ ዘበኛው ገና ወደ ደወሉ እየተራመደ ነበር።