የበሰበሰ ግንድ ፈላጊዋ

ወደ መቱ የሚሄደው ሚኒባስ ሁሩሙ ላይ ሲቆም ዝናቡ ይወርድ ነበር። ሕፃን ያቀፈች እናት ልትወርድ ስትል፣ ከጎልማሳው ተሳፋሪ ከሂካ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት ጃንጥላዋን አስያዘቻት። «እመልሰዋለሁ» እንኳን አላስባለቻትም። ወዲያው ጭኗ ላይ ያለውን ሳጥን እንደ ልጅ አቀፈች። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፤ እጇ ላይ ሰፊ የወንድ ሰዓት ይንሸራተታል።

«ሰው ከሁሩሙ ማር ይጭናል፣ ዶክተራችን ብስባሽ እንጨት!» አለ ሾፌሩ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው እሷ ናት።

ሂካ እንጨቱ ምን እንደሚያደርግላት ጠየቃት። ኬሚስት መሆኗን ነገረችው። ሳጥኑን ከፈት አድርጋ እንጨቱ ላይ የበቀለውን እንጉዳይ አሳየችው።

«ጥርስ የለውም፣ ግን ግንድ ይበላል። ኢንዛይሙ ነው የሚያላምጥለት፤ ኢንዛይሙ ውስጥ ደግሞ መዳብ አለ። መዳቡን ሳወጣበት ሥራውን ያቆማል። እንዴት እንደሚሠራ ነው የማጠናው።»

እግዚአብሔር መዳብን እንጉዳይ ውስጥ እንኳ ማስቀመጡ ሂካን አስደነቀው፤ በልቡ አመሰገነ።

ሰዓቷን ሲያይ አየችው። «የአባቴ ነው። አናጢ ነበር፤ እንጨቱን ስለሚያበሰብስበት ይህን እንጉዳይ ሲረግም ነው የኖረው።» ሳጥኑን ዘጋችና፣ «ላቦራቶሪ ውስጥ ያራባሁት ሞተብኝ። ሁለት ክረምት ፈልጌ ያገኘሁት ይኸው ነው፤ እሱም ደርቋል» አለች።

«ይሄማ እኛ ጓሮ የወደቀውን ግንድ ሞልቶታል! ባለቤቴ ዲሪቤ ነገ አቃጥለው ብላኛለች።»

ሴትዮዋ እጅጌውን ያዘች።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ እስክመጣ አይንኩት። እትዬ ዲሪቤንም እርስዎ ይለምኑልኝ።»