ሰዓቱ «ሰባ አራት» ያለበት የጌዶ ዳገት

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አስኮ

መናኸሪያ ስደርስ ሰማዩ ገና አመድማ ነው። የአምቦው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ጥቁር ጭስ ይተፋል። የደረሰኝ ወንበር ከኋላ ጎማ በላይ ያለው ነው፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው የሚሸሸው ቦታ። ግራ እጄ ላይ ከሁለት ወር በፊት የገዛሁት ስማርት ሰዓት አለ። እርምጃ ይቆጥራል፣ እንቅልፍ ይለካል፣ የልብ ምት ያሳያል። ሐኪም «ክብደት ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ» ካለኝ ወዲህ ከእጄ አይወርድም።

ይህን ገጽ የምታነቡ አንዳንዶቻችሁ «እውነት ይሠራል ወይ? ልግዛ?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ ከርማችኋል። በዚህ ጉዞ ልፈትነው አሰብኩ። አምቦ ላይ አክስቴን ሲስተር ዘውዴን ይዤ እጃጂ ድረስ እሄዳለሁ። ልጇ ሄለን እዚያ አስተማሪ ናት፤ ወልዳ ተኝታለች። ቅዳሜ አራስ ጠይቆ እሑድ መመለስ ነው ዕቅዱ። የምጽፈውም ቀለል ያለ ነገር መስሎኝ ነበር።

ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ አምቦ

ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ። ኬላ ላይ ሁለት ጊዜ ወርደን ተፈተሽን፤ መታወቂያ፣ ቦርሳ፣ «ወዴት ነው?»። በቀረው መንገድ ሁሉ የፊቱን ወንበር ብረት ጨብጬ ስንገጫገጭ ነው የመጣሁት። አምቦ ስወርድ ሰዓቱን አየሁት፤ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ እርምጃ ተራምደሃል ይለኛል። ከወንበሬ የተነሳሁት ለፍተሻ ብቻ ነው።

አክስቴ ዘውዴ መናኸሪያው በር ላይ የገንፎ ዱቄትና የቅቤ ዕቃ ይዛ ትጠብቀኛለች። ዕድሜዋን ሙሉ በጤና ጣቢያ ነርስነት አገልግላ ጡረታ የወጣች፣ ቀጭን፣ ቁጣ የሚቀድማት ሴት ናት። ቁጥሩን ሳሳያት በሳቅ ፈነዳች።

«እግርህን ሳታነሳ ከሆለታ አምቦ በእግሬ መጣሁ በለኛ!»

ጨጨብሳ በማር በላን፣ ሻይ ጠጣን፤ ለሁለታችን ሦስት መቶ ብር። አራት ሰዓት ተኩል ላይ የእጃጂ ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ጋቢናው ለእኛ ደረሰ፤ አክስቴ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በመሀል፣ ከሾፌሩ ጎን።

አምስት ሰዓት፣ ጉደር

ሾፌሩ ኦቦ ቱሉ ይባላል። ሃምሳን ያለፈ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ከሚያልፈው መኪና ሁሉ ጋር በጡሩምባ የሚነጋገር ሰው። ጉደር ላይ ረዳቱ የሽንኩርት ጆንያ ጣሪያ ላይ ሲጭን እኛ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠን ቆየን። ዓይኑ እጄ ላይ አረፈ።

«ይሄ ነገር ግፊት ይለካል?»

«ግፊት እንኳ አይለካም። የልብ ምት ነው።»

«እስቲ የእኔን ይንገረኝ፤» አለና ክንዱን ዘረጋልኝ።

አስሬለት ጠበቅን። መቶ ሠላሳ ስምንት። ሰውየው ቁጭ ብሏል፤ ያነሳው ነገር የለም። ትንሽ ቆይቶ ስልሳ አንድ ሆነ፤ ከዚያ መቶ አርባ አራት።

«ሰዓትህ ጫት ቅሟል!» ብሎ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጡትም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ተቀምጦ የመጣን ሰው ተራምደሃል ያለ ዕቃ፣ ለሾፌር ደግሞ ሮጠሃል ቢል ምን ይገርማል? አክስቴ ግን አልሳቀችም። አጎንብሳ የኦቦ ቱሉን ፊት አየችው።

«እጃጂ ድረስ ልሰረው፣ ያምርብኛል፤» አለ። ተውኩለት። ተነሳን።

አምስት ሰዓት ከአርባ፣ ዳገቱ ላይ

ከጉደር በኋላ መንገዱ ወደ ላይ ነው። በስተቀኝ የኑግ አበባ ተራራውን ቢጫ አድርጎታል፣ በስተግራ ገደሉ ይጀምራል። ከፊታችን ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና እያቃሰተ ይወጣል። ኦቦ ቱሉ ሊቀድመው ወጣ ሲል ሰዓቱ እጁ ላይ ነዘረ። ወደ ታች አየ። መሪው ትንሽ ወደ ግራ ሄደ፤ መለሰው።

«ምን ይላል? የማንበቢያ መነጽሬን አልያዝኩም።»

አጎንብሼ አየሁ። ሳይንቀሳቀሱ የልብዎ ምት ከፍ ብሏል የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ከፍ አድርጌ ላንብበው ወይስ ዝም ልበል? ከኋላችን አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጧል። ሰውየው ከደነገጠ መሪ የያዘው እሱ ነው። ዕቃው ደግሞ ጠዋት ሲሳሳት በዓይኔ አይቻለሁ።

ወዲያው ቁጥሩ ተለወጠ። ሰባ አራት።

«ደህና ነዎት፣ ሰባ አራት ይላል፤» አልኩት። ቁጥሩ ደስ የሚል ሲሆን ማመን እንዴት እንደሚቀል ያኔ አላስተዋልኩም።

ትንሽ እንደሄድን መስኮቱን እስከ ታች ከፈተው። የጌዶ ብርድ ፊታችንን መታው፤ የኋላዎቹ «ኧረ ዝጋው!» ብለው ጮኹ። እሱ ግን ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። በግራ እጁ አንገቱን ያሻል። ጡሩምባውን ከተወው ቆይቷል።

«ኦቦ ቱሉ፣ ትንፋሽ ያጥርሃል?» አለች አክስቴ።

«የለም፣ የለም። እንቅልፍ ነው፣ ትናንት አልተኛሁም። ፈያዳ፣ ደህና ነኝ።»

«መኪናውን አቁም።»

«ሲስተር፣ ጌዶ እኮ ደረስን። ሃያ ደቂቃ...»

«አሁን አቁም አልኩህ!»

ይህን የመሰለ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። ኦቦ ቱሉም አልተከራከረም፤ ዳር ይዞ፣ ጎማውን ወደ ተራራው አዙሮ አቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ።

አክስቴ ዞራ መጥታ በሩን ከፈተች። ሁለት ጣቷን አንገቱ ላይ አሳርፋ፣ በሌላ እጇ ክንዱን ይዛ ሰዓቱ ላይ አፈጠጠች። ቁጥሩን ነው የምታየው ብዬ «ሰባ አራት ነው ይላል፣ አክስቴ» አልኳት።

«ዝም በል፣ ሰከንዱን ነው የምፈልገው።»

አንድ ደቂቃ እንደዚያ ይረዝማል ብዬ አላውቅም። ከከንፈሯ እንቅስቃሴ እንደምትቆጥር አያለሁ፤ ቆም ትላለች፣ ትፈጥናለች፣ እንደገና ቆም ትላለች። ከመሀል ወንበር አንድ ነጋዴ አንገቱን አወጣ። ጌዶ ገበያ በሬ ሊገዛ የሚሄድ፣ ከአምቦ ጀምሮ «ቶሎ በሉ» ሲል የነበረ ሰው ነው።

«ለአንድ የቻይና ሰዓት ብላችሁ ሰው መንገድ ላይ ታቆማላችሁ? ገበያው እኮ ይበተናል!»

አክስቴ ጣቷን አነሳች።

«ከመቶ ሠላሳ በኋላ መቁጠር አቃተኝ፤» አለችኝ ቀስ ብላ። «መብዛቱ ብቻ አይደለም። ሥርዓት የለውም። ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይቆማል። ይህ ሰው መሪ መያዝ የለበትም።»

ኦቦ ቱሉ ሰማት። «ሃያ ስድስት ዓመት ነዳሁ፤ አንድ ሰው አልገጨሁም፤» አለና ሊወርድ እግሩን ወደ ውጭ አወጣ። መሬት ሲረግጥ ጉልበቱ ከዳው። እኔና ረዳቱ በብብቱ ገብተን ያዝነው፤ ሳሩ ላይ አስቀመጥነው። ከንፈሩ ነጥቷል። ሰዓቱን አየሁት፤ አሁንም ሰባዎቹ ውስጥ ነው። ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት።

አስፋልቱ መሀል ገብቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ መኪና ያስቆመው ያ ነጋዴ ነበር። የግብርና ባለሙያዎች የያዘ ፒካፕ ነው። በኦሮምኛ በፍጥነት አስረዳቸው፤ ሁለቱ ወርደው ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጡ፣ ቦታቸውን ለኦቦ ቱሉና ለአክስቴ ለቀቁ። እኔም ከኋላ ተንጠለጠልኩ። ነጋዴው ለረዳቱ «ሌላ መኪና እስኪመጣ እኔ ከሰዎቹ ጋር እቆያለሁ፤ አንተ ንብረቱን ጠብቅ» ሲለው ሰማሁ።

እስከ ጌዶ በፒካፑ የኋላ መስኮት የማየው የሁለት ሰው ጭንቅላት ብቻ ነው። የኦቦ ቱሉ ራስ ወደ አክስቴ ትከሻ ዘንበል ባለ ቁጥር ሞተ ብዬ አስባለሁ። ከዚያ ቀና ይላል።

ሰባት ሰዓት፣ ጌዶ

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ኦቦ ቱሉን ወዲያው አስገቡት። ደረቱ ላይ ሽቦ ለጥፈው የልብ ምርመራ አነሱት። ወጣቷ ሐኪም ረጅሙን ወረቀት ይዛ ወጣች፤ መስመሮቹ አንዱ ከአንዱ ርቀቱ አይመሳሰልም።

«ልቡ ያለ ሥርዓት ነው የሚመታው። እንዲህ ሲሆን ደም ሊረጋና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ራሱንም ሊስት ይችል ነበር። አሁን የሚያረጋጋ መድኃኒት ጀምረንለታል።»

ሰዓቱን ከኪሴ አውጥቼ የሆነውን ነገርኳት። መጀመሪያ መቶ አርባ፣ በኋላ፣ ሲብስበት፣ ሰባ አራት ማለቱን። አልሳቀችብኝም። ከሥሩ ያለውን አረንጓዴ መብራት አሳየችኝ።

«ይህ ልብን አያይም፤ እጅ ላይ የሚደርሰውን ደም ነው የሚያየው። ምቱ ሲዘበራረቅ ደካማዎቹ እጅ ላይ አይደርሱም፤ እሱም ይዘላቸዋል። መንገጫገጭና የላላ ማሰሪያ ሲጨመርበት ደግሞ ይባስ። መጥፎ ቁጥር ካሳየህ መጥተህ ጠይቅ። ደህና ነህ ሲልህ ግን፣ ሕመም እየተሰማህ፣ አትመነው።»

በሩ ላይ ቆሜ ያቺን ዳገት አሰብኩ። «ደህና ነዎት» ያልኩት እኔ ነኝ። ሰዓቱ ቁጥር ብቻ ነው ያሳየው።

አሥር ሰዓት ተኩል፣ እጃጂ

የኦቦ ቱሉ ባለቤት አዴ ጫልቱ ከአምቦ እስክትደርስ አክስቴ ከአጠገቡ አልተነሳችም። ከዚያ የመጨረሻውን ሚኒባስ ተሳፈርን፤ ከዚህ ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ መገኘት የሚፈልግ ሰው የለም። ሁለታችንም ጋቢና አልገባንም። የሾፌሩን ማጅራት እያየሁ ነው እጃጂ የገባሁት።

ሄለን በር ላይ ሕፃኗን ታቅፋ «ስልካችሁ አይነሳም፣ ገደላችሁኝ እኮ!» ብላ አለቀሰች። አክስቴ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ጀመረችና ሳትጨርሰው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

እሑድ ጠዋት፣ እጃጂ

የተነሳሁበትን ጉዳይ አልረሳሁትም። ሰዓቱ «ሰባት ሰዓት በጥሩ ሁኔታ ተኝተሃል» አለኝ። ጣሪያ ሳይ ነው ያደርኩት። ቁርስ ሳልበላ ተቀምጬ አክስቴ ምቴን በጣቷ ቆጠረች፤ ሰባ ስምንት አለች፣ ሰዓቱ ሰባ ስድስት። ከሄለን ቤት እስከ ገበያው እየቆጠርኩ ሄድኩ፤ እኔ ስድስት መቶ ስል እሱ ስድስት መቶ ሃያ አለ። እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው ነው፤ ጤነኛ ሰው ተረጋግቶ ሲቀመጥና ሜዳ ላይ ሲራመድ የሚሆን ዕቃ ነው። ስለ እንቅልፍ የሚነግራችሁን እንደ ወሬ ስሙት። እኔን ደግሞ ከሶፋዬ አስነስቶኛል፤ ለዚያ አመሰግነዋለሁ።

እሑድ፣ አምስት ሰዓት፣ ጌዶ

ኦቦ ቱሉ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ ላይ ደም ተመልሷል። የገባሁት ምስጋና እየጠበቅኩ እንደነበር ያወቅኩት አለማግኘቴን ሳይ ነው።

«መንዳት ተከልክያለሁ፤» አለኝ ሳያየኝ። «ሰኞ ለተጨማሪ ምርመራ አምቦ ይልኩኛል። ከዚያ እስኪፈቅዱልኝ መሪ አልይዝም። አንተና ሰዓትህ ባትመጡብኝ ዛሬ ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«ገደል ውስጥ ነበርክ፤» አለች አዴ ጫልቱ። የወተት ኩባያውን ከእጁ ተቀብላ ወደ እኔ ዞረች። «ልጄ፣ አትቀየመው። ዓመት ሙሉ ልቤ ይዘላል እያለ ነበር። ሐኪም ቤት ሂድ ስለው ሥራ አለኝ ይላል። ይኼን ሰዓት ልግዛለት?»

እውነቱን ነገርኳት። መጀመሪያ ያሳየው ቁጥር ትክክል እንደነበርና እኔ እንደሳቅኩበት፣ በኋላ ያሳየው ስህተት እንደነበርና እኔ እንዳመንኩት። አክስቴ ቀጠለችላት። «መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይዋጥ፣ ቀጠሮውን አታሳልፉ። ከዚያ የተረፈ ካለሽ ሰዓቱን ትገዢለታለሽ።» አዴ ጫልቱ ራሷን ነቀነቀች።

ልንወጣ ስንል ጠራኝ።

«ትናንት ከኋላ የነበሩት ሰዎች... ከፊሎቹን አውቃቸዋለሁ። አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ደረሱ?»

ጠዋት ለረዳቱ ደውዬ ነበር። ነጋዴው ሁሉንም ሌላ ሚኒባስ ላይ አሳፍሮ፣ የገበያው ሰዓት ካለፈ በኋላ መጨረሻ ላይ ራሱ እንደሄደ፣ ሁሉም መድረሳቸውንም ነግሮኛል።

«ሁሉም በሰላም ገብተዋል፣ ኦቦ። አሥራ ሁለቱም።»

ጋቢውን ፊቱ ድረስ ሳበው። ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁ። አዴ ጫልቱ መዳፏን ጀርባው ላይ አድርጋ፣ በዓይኗ በሩን አሳየችን።

አክስቴን አምቦ አውርጄ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አስኮ ገባሁ።