የፖስተኛው ሞተር አራት እግር ሲያወጣ

እትዬ ብሎን በሞተር ሳይክል ጥገና ጥርሷን የነቀለች ሴት ናት። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው። በተጋቡ ሰሞን ልብስ የሚያጥበው እሱ ነበርና፣ ቀሚሷን ውኃ ውስጥ በነከረ ቁጥር ከቀሚሱ ኪስ ብሎን እየወደቀ ቢያስቸግረው "እኔ ያገባሁት ሴት ነው ወይስ የመለዋወጫ መደብር?" አለ። ጎረቤት ሰማ፤ ስሙም በዚያው ጸና። እሷም አልከፋትም። ብሎን ባይኖር ዓለም በሙሉ ተበታትኖ መሬት ላይ ይቀር ነበር ባይ ናት።

ባሏን ሰፈሩ ፖስተኛው ነው የሚለው። ዕድሜውን በአንድ ሞተር ሳይክል ላይ ደብዳቤና ጥቅል ሲያዳርስ ኖሮ፣ አንድ ዝናባማ ጧት እርጥብ አስፋልት አንሸራተተውና ዳሌውን ሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፤ ግራ እግሩ ግን ከዳው። ሐኪሙም "ከእንግዲህ ሞተር ላይ እግር አንፈራጥጦ መቀመጥ የለም" ብሎ ቁርጡን ነገረው። የሰው በር ሲያንኳኳ የኖረ ሰው መስኮት ሥር ወንበር ይዞ ቀረ። ፀጉር ለመቆረጥ እንኳ የሚያደርሰው ሰው መለመን ነበረበት። አመሉ ደግሞ እንኳን መለመን፣ ውኃ አቀብሉኝ ማለትም የሚከብደው ነው። እትዬ ብሎን ከስብራቱ ይልቅ ይህ ልመና አንጀቷን ይበላው ነበር።

መኪና ይንዳ እንዳይባል፣ ማርሽ ሲቀየር የመኪና ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ እግር ነው። አንድ ቀን የሰው ሞተር ስትጠግን የፍሪሲዮኑን ማንሻ በጣቶቿ ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ ስታደርግ ቆየችና ቀጥ አለች። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን በእጅ ነዋ! የባሏ እጅ ደግሞ ምን ሆነ? ምንም።

ከደንበኞቿ አንዱ የጥርስ ሐኪም ነው። ቤቱ ሊገጣጥማት በሣጥን ያስመጣት ትንሽ ተገጣጣሚ መኪና ነበረችው። ጀምሮ ሰልችቶት ጓሮውን አጣባበት ነበርና፣ ለዓመታት ሞተር ሳይክሉን ስትጠግንለት ለኖረች ሴት "ውሰጂልኝ፣ ተገላገልኩ" አላት። የቀጭን ቧንቧ ሻንሲ፣ ስስ የቆርቆሮ አካል፣ አራት ጎማ፣ የሞተሩን ዙር ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍል አንድ ዲፈረንሻል፤ በቃ ይኸው ነው። ሁለት ሰው አንስቶ ግድግዳ ላይ ሊያስደግፋት ይችላል። ሞተር ግን የላትም።

"ሞተሬን ልታርጂው ነው?" አለ ፖስተኛው፣ አሳቧ ሲገባው።

"አላርደውም። ሁለት እግር ልጨምርለት ነው።"

"አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ብሞት እንኳ እሱ ይተርፋል ብዬ ነበር።"

"አንተም አልሞትክ፣ እሱም እየዛገ ነው። ዝም ብለህ ተመልከት።"

የፖስተኛው ታናሽ ወንድም የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ ምላሱ ከቁልፎቹ ሁሉ ይረዝማል። መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየና "እትዬ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ። ይሄ የሞተር ሳይክል ሞተር መኪና ሊጎትት ነው?" አላት። እሷም ብረት እንዲይዝላት አዘዘችው።

ሞተሩ ሁለት ሲሊንደር ነው፤ እንደ ተከፈተ መቀስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተከፍለው የቆሙ። ጉልበቱም የሚወጣው በሰንሰለት ሳይሆን በዘንግ ነው፤ በዚህ ተደሰተች፤ ዘንጉን አስረዝሞ ከዲፈረንሻሉ ጋር ማገናኘት ነው ብላ። ከፊት አስቀምጣ ለካችው። ወይ ሲሊንደሮቹ አይገቡም፣ ወይ ክዳኑ አይገጥምም። ቆርቆሮውን ከሁለቱም ጎን ቆረጠችና የሲሊንደሮቹን ራስ እንደ ጆሮ ወደ ውጭ አወጣቻቸው። "በንፋስ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ብከድነው ይጠበሳል" አለች። ንዝረቱ ቧንቧውን እንዳይሰነጥቀው ከማሰሪያዎቹ ሥር ወፍራም ጎማ አስገባች። የፍሪሲዮኑን ማንሻ መሪው ላይ፣ ማርሹን ደግሞ ቀኝ እጁ የሚደርስበት ቦታ አደረገችለት። ብየዳዋን አይቶ እንከን የሚያወጣለት አልተገኘም።

የሙከራው ቀን ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተሰቀለ። ፖስተኛውም ወንበሩን ደጅ አስወጣ። እትዬ ብሎን ገብታ አስነሳች፤ ያ የታወቀ ድምፅ ግቢውን ሞላው። አንደኛ ማርሽ አስገብታ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ብትለቀው፣ መኪናይቱ የኋሊት ተፈተለከችና ልብስ ማስጫው ውስጥ ገባች። እርጥብ አንሶላ ራሷ ላይ ተከነበለ። ከአንሶላው ሥር ሆና፣ ማርሹን ተሳስቼ ይሆናል ብላ ሁለተኛ አስገባች። አሁንም የኋሊት፤ ያውም ፈጠን ብሎ!

"የካሮት እድገት!" ብሎ ጮኸ የአውቶቡሱ መካኒክ። "አምስት ማርሽ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት ባዶ!"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ብሎን ፊቷ ቀላ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከሳቁ መሃል ግን አንዱን ለየችው። ፖስተኛው ዳሌውን በእጁ ደግፎ፣ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም። እፍረቷ ሳይለቃት ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ስህተቱ የሞተር ሳይክል ሰው ብቻ የሚሠራው ነው። ዘንጉ በሞተር ሳይክሉ የሚዞረው ወደ አንድ ወገን፣ የመኪና ዲፈረንሻል የሚጠብቀው ወደ ሌላው። ዕድሜዋን ሁለት ጎማ ስትፈታ የኖረች ሴት ይህን ማን ይንገራት? የሚያውቀው የአውቶቡሱ መካኒክ እንደሆን ሲቀልድ ነበር። መኪና ሥር ገብታ ተጋደመችና ዲፈረንሻሉን ፈትታ፣ ላዩን ታች፣ ታቹን ላይ አድርጋ ገለበጠችው። የዘይት መሙያው ሥር ስለ ሆነ ደፈነችው፤ በላይኛው ወገን ሌላ በሳች። አስነስታ ብትለቀው መኪናይቱ ወደ ፊት ሄደች፤ አምስቱም ማርሽ ወደ ፊት።

አሁን ደግሞ የኋላ ማርሽ የለም። ሞተር ሳይክል መቼ ወደ ኋላ ይነዳል? ፖስተኛው ወርዶ ሊገፋ አይችልም፤ ግፉልኝ ካለ ደግሞ ልመናው ተመለሰ። የአውቶቡሱ መካኒክ ራሱን ሲያክ ቆየና ከአሮጌ መኪና የወለቀ ሞተር ማስነሻ ሞተሪኖ ይዞላት መጣ። ዘንጉ ላይ ጥርስ ገጥመው ሞተሪኖውን አቀናበሩት፤ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ መኪናይቱ ቀስ ብላ የኋሊት ትንፏቀቃለች።

"የምላስህ ካሣ ይሁንልህ" አለችው።

የተሽከርካሪ መርማሪ መጥቶ ፍሬኑንና መብራቱን አይቶ ሰሌዳ ከፈቀደ በኋላ፣ በማግስቱ ጧት እትዬ ብሎን አዲሱን ቀሚሷን ለበሰች። አሳቧ ከጎኑ ተቀምጣ ሰፈሩን አንድ ዙር ልትዞር ነው፤ እግሩ ቢያቅተው፣ እጁ ቢረሳ፣ አለሁ ልትለው። ፖስተኛው የመኪናይቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና በክንዱ ተደግፎ፣ ማንም ሳይነካው ወደ ውስጥ ተንሸራተተ። አስነሳ። እሷ የግቢውን በር ከፈተች። በሞተሪኖው ቀስ እያለ ወጣ፤ መንገዱ ላይ አስተካክሎ አጠገቧ ቆመ። እሷም ለመግባት ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች።

እሱ ግን የሚያየው መንገዱን ነበር። ማርሽ አስገባና "መጣሁ!" ብሎ ሄደ።

"እትዬ፣ ጥሎሽ ሄደ እኮ!" አለ የአውቶቡሱ መካኒክ።

"ዝም በል፣ ልስማበት።"

ሁለተኛ። ሦስተኛ። መታጠፊያው ጋ ቀነሰ፤ መልሶ ጨመረ። አንዱንም ማርሽ አልሳተም።

መጣሁ የሚለው የሚሄድ ሰው ነው። መስኮት ሥር የተቀመጠ ምን ብሎ ይለዋል? እንባዋ መጣ፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችው። ጎረቤቷ ዳቦ ገዝታ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አገኘቻትና እንደ ወትሮው "ፖስተኛው እንዴት አደረ?" አለቻት።

እትዬ ብሎን ደረቷን ነፋ አድርጋ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ "ቤት የለም" አለች፤ "ወጥቷል!"